የባቡር ድምፅ ስንቱን ያስመርራል? ስለ አለካኩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክስቴ የምትኖረው ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሳሎኗ መስኮት ቀላል ባቡሩ ይታያል። ባለፈው ቡና ጠርታኝ ስናወራ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባቡሩ ሲመጣ የጀመረችውን ወሬ ዋጥ ታደርጋለች። ሲኒዋን እንደያዘች ትጠብቃለች። ሲያልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። "ድምፁ አይረብሽሽም?" አልኳት። "የቱ ድምፅ?" አለችኝ።

ታዲያ አክስቴ ተረብሻለች ወይስ አልተረበሸችም? ከሀዲድ አጠገብ የሚኖረውን ሰው መረበሽ ለመለካት የሚሞክሩ ባለሙያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያ አስቀምጦ ዴሲቤሉን ማንበብ አይበቃም?

አይበቃም። መሣሪያው የሚለካው አየሩ ምን ያህል እንደተናወጠ ነው። ሰውዬው ምን ያህል እንደተማረረ አያውቅም።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው እንበል። በሰዓት አንድ ጊዜ ባቡር ያልፋል። ሲያልፍ ለ10 ሰከንድ 80 ዴሲቤል ያሰማል፤ የቀረው ሰዓት ዝም ነው። የሰዓቱ አማካይ ሲሰላ 54 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ግን በዚያ ቤት 54 ዴሲቤል የሰማ አንድም ሰው የለም! የሰሙት ወይ ጸጥታውን ነው ወይ 80ውን። ቁጥሩ ለስሌት ይመቻል። ሕፃን ያስተኛች እናት ግን የምታወራው ስለዚያች 10 ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይለካል፤ ድምፁ በመሣሪያ ወይም በስሌት፣ መረበሹ ደግሞ ሰውን በመጠየቅ። ከዚያ ሁለቱ ይጋጠማሉ። "ድምፁ ይህን ያህል ሲሆን ከመቶ ሰው ስንቱ ይማረራል?" የሚለው መስመር የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን መስመር ከብዙ አገር ጥናት ለቃቅሞ መጀመሪያ ያሰመረው አሜሪካዊው ቴዎዶር ሹልትዝ ሲሆን ጊዜው 1978 ነበር።

ሰውን መጠየቅ ምን ሳይንስ አለው? "ይረብሽሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይደለም?

ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ተመራማሪ በራሱ አባባል ይጠይቅ ነበር። አንዱ "ትሰማዋለህ?" ይላል፣ ሌላው "ያበሳጭሃል?"፣ ሦስተኛው "ችግር ነው?"። ውጤቱን ማወዳደር አልተቻለም። በ2001 የድምፅን ጉዳት የሚያጠኑ የብዙ አገር ተመራማሪዎች ሁለት መደበኛ ጥያቄዎች አወጡ። በ2003 አይኤስኦ 15666 በሚል ቁጥር የዓለም አቀፍ ደረጃ ሰነድ ሆኑ፤ በ2021 ደግሞ ታደሱ።

አንደኛው ጥያቄ በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ "ያለፉትን 12 ወራት ሲያስቡ፣ እዚህ ቤትዎ ውስጥ ሲሆኑ የባቡር ድምፅ ምን ያህል ይረብሽዎታል፣ ያውክዎታል ወይም ያስመርርዎታል?" መልሱ ከምንም እስከ እጅግ በጣም አምስት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ያንኑ ጠይቆ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ያስመርጣል።

እያንዳንዷ ቃል በምክንያት ነው የገባችው። "ያለፉት 12 ወራት" የተባለው ትናንት ሌሊት የተሠራ ጥገና መልሱን እንዳያበላሸው ነው። ክረምቱም በጋውም ይገባል፤ መስኮት የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም። "እዚህ ቤትዎ" የተባለው ደግሞ ሰውዬው መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ያለውን ሀዲድ እንዳይደባልቅ ነው።

በአማርኛስ እንዴት ይጠየቃል?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ጥያቄዎቹን ያወጡት ተመራማሪዎች የደረጃ ቃላቱን በዘጠኝ ቋንቋ ፈትሸዋል። ጃፓንኛና ቱርክኛ አሉበት፣ አማርኛ የለም። ስለዚህ እኛ ስንጠይቅ ቃሉን ራሳችን መመዘን አለብን።

መጀመሪያ ግሡ። "ያናድዳል" ካልን ሰው በባቡሩ ላይ ቂም የያዘ ይመስላል፤ ጨዋ ሰው "ኧረ ምን ያናድደኛል!" ይላል። "ይረብሻል" ሥራና ወሬ ማቋረጡን ይነግረናል፣ ውስጥ ድረስ ግን አይዘልቅም። "ያስመርራል" ዘልቋል፤ ግን የተጠራቀመ ነገር ስለሆነ ጥቂት የተረበሸውን ሰው ይዘለዋል። "ሰላም ይነሳል" ከሁሉ ይከብዳል። የውጭው ጥያቄ ሦስት ግሥ የደረደረው ለዚህ ነው፤ አንዱ ያልያዘውን ሌላው እንዲይዝ። እኔ ብሆን "ይረብሽዎታል ወይም ያስመርርዎታል" ብዬ ሁለቱን አጣምር ነበር።

ቀጥሎ ደረጃው። "በጣም" የምትለዋ ቃል በእኛ አፍ ረክሳለች። "በጣም ደህና ነኝ" እንላለን፣ "በጣም አመሰግናለሁ" እንላለን፣ ሻዩም "በጣም ቆንጆ" ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "በጣም ይረብሸኛል" ሲል ከአምስቱ አራተኛው ላይ መቆሙን በምን እናውቃለን? የዘጠኙ ቋንቋ ተመራማሪዎች መላ ነበራቸው። 20 ያህል የመጠን ቃላት ሰብስበው ለሰው ሰጡ። አንድ መስመር አሰመሩ፤ ጫፉ ምንም፣ ሌላው ጫፍ ከሁሉ የበለጠ። ሰው እያንዳንዱን ቃል በመስመሩ ላይ የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቁ። ከዚያ እኩል የተራራቁትን መረጡ። "ትንሽ"፣ "መጠነኛ"፣ "በጣም"፣ "ክፉኛ"፣ "እጅግ በጣም"፣ "መቋቋም እስኪያቅተኝ" የት የት ይወድቃሉ? ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ርዕስ ለቸገረው ተማሪ በነጻ ሰጥቻለሁ።

የ0-10ዋ ጥያቄም ወጥመድ አላት። ትምህርት ቤት ያደግነው "ከአሥር አሥር" ጎበዝ መሆኑን እየሰማን ነው። 10 ማለት ክፉ ነው ሲባል ግር የሚለው ሰው አለ። ጠያቂው ሁለቱን ጫፍ አስረግጦ መናገር አለበት።

ደግሞ ይሉኝታችን አለ። ቤታችን የገባ እንግዳ "ተረብሻችኋል?" ሲለን "ተመስገን ነው" እንላለን። ለዚህ የሚረዳው ጥናቱን የባቡር ጥናት ብሎ አለመጀመር ነው። ስለ ሰፈሩ ይጠየቅ፤ ውኃው፣ መብራቱ፣ አቧራው፣ መንገዱ። ከዚያ ድምፅ በየዓይነቱ፤ መኪና፣ ጄኔሬተር፣ የድምፅ ማጉያ፣ ውሻ፣ ባቡር። ባቡሩ ከሌሎቹ መሐል ሲጠራ መልሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

"ክፉኛ የተማረረ" የሚባለው ስንት የመለሰ ሰው ነው?

በ0-10ዋ 8፣ 9 ወይም 10 የሰጠ። በአምስቱ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የላይኞቹን ሁለት የመረጠ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለቱ ቃላት የሚይዙት ሰፋ ያለ ስለሆነ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። አንዱን ጥናት ከሌላው ጋር አጋጭቶ "እዚያ አገር የባሰ ነው" ከማለት በፊት በየትኛው እንደተቆጠረ ማየት ያስፈልጋል። ይህን የሚዘሉ ዘገባዎች ሞልተዋል።

ኤል-ዴን የሚባለው ምንድን ነው?

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው የድምፅ መመሪያ የሚሠራበት የ24 ሰዓት መለኪያ ነው። ቀኑ፣ ማታውና ሌሊቱ ለየብቻ ይሰላል። ማታው ላይ 5 ዴሲቤል፣ ሌሊቱ ላይ 10 ዴሲቤል ይጨመራል። ብዙ አገር ማታ የሚለው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 እስከ 5፣ ሌሊት የሚለው ከ5 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

የዴሲቤል ሒሳብ ጠባዩ ልዩ ነው። 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሌሊት የሚያልፍ አንድ ባቡር ቀን እንደሚያልፉ አሥር ባቡሮች ይቆጠራል። ማታ የሚያልፈው ደግሞ እንደ ሦስት። በተረፈ የባቡሮቹ ቁጥር በእጥፍ ቢያድግ ልኩ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ነዋሪው "ባቡሩ እኮ በእጥፍ ጨመረ!" ሲል መሐንዲሱ "3 ዴሲቤል ናት" ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም።

ባቡር ከመኪና ያነሰ ይረብሻል ይባላል። እውነት ነው?

ለረጅም ጊዜ እውነት ነው ተብሎ ሕግ ወጥቶበታል። ጀርመኖች ለሀዲድ የ5 ዴሲቤል ቅናሽ ሰጥተው ነበር፤ በእኛ አነጋገር የሀዲድ ጉርሻ። የባቡር ድምፅ ሲሰላ 5 ይቀነስለታል፣ ምክንያቱም ሰው በእኩል ልክ ከመኪና ያነሰ ይማረርበታል ተብሏል። መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በእንግሊዝ 1,453 ሰው በ75 ሰፈር ተጠይቆ በ1982 የታተመው ጥናት ተመሳሳይ ነገር ብሏል። በ2001 ሄንክ ሚደማና ካታሪና አውድስሆርን ከብዙ ጥናት ያወጡት መስመርም አውሮፕላንን ከላይ፣ መኪናን ከመሐል፣ ባቡርን ከታች አስቀምጧል።

ጃፓን ግን አልተስማማችም። እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ለባቡር የሚሰጥ ቅናሽ አላገኙም፤ እንዲያውም ባቡሩ ከመኪናው የባሰ የሆነባቸው አሉ። ቤቶቹ ከሀዲዱ ጋር የተጣበቁ ናቸው፣ ንዝረቱም አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ 5,592 ሰው ተጠይቆ በ2019 የታተመ ጥናትም በእኩል ኤል-ዴን ባቡር ከመኪና በለጠ አለ። ጀርመኖችም ጉርሻውን አነሱ፤ ለባቡር ከ2015፣ ለትራም ከ2019 ጀምሮ።

ለእኔ ትምህርቱ ቀላል ነው። የ1970ዎቹ እንግሊዛዊ የሰጠውን መልስ ቀድቶ ልደታ ላይ መለጠፍ አይሠራም። የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ነው።

ስንት ዴሲቤል ሲደርስ ነው "በዛ" የሚባለው?

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2018 ለባቡር ያወጣው ምክር በኤል-ዴን 54፣ ለሌሊት 44 ዴሲቤል ነው። 54 ከየት መጣ? ከመቶ ሰው 10 ያህሉ ክፉኛ የሚማረርበት ልክ ነው ተብሎ ነው። የ2001ዱ መስመር እዚያው 54 ላይ ከ5 በመቶ በታች ነበር የሚለው። ሰዉ ተለወጠ፣ ባቡሩ በዛ፣ ወይስ አጠያየቁ? ክርክሩ አላለቀም።

የኛ አገር መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ለባቡር ብቻ የተለየ አይደለም፣ ለማንኛውም ድምፅ ነው። ጃፓን ደግሞ ሺንካንሰን ለሚባለው ፈጣን ባቡሯ አማካዩን ትታ እያንዳንዱ ባቡር ሲያልፍ የሚደርስበትን ጫፍ ትለካለች። ለሺንካንሰን በ1975 ያወጣችው ልክ ለመኖሪያ ሰፈር 70 ነው። ተከታትለው የሚያልፉ 20 ባቡሮች ይለካሉ፣ ከነዚያም ከፍ ያለ ድምፅ ያሰሙት አሥሩ ይወሰዳሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1974 የናጎያ ከተማ ነዋሪዎች በዚሁ ባቡር ድምፅ ክስ መሥርተው ነበር፤ በስምምነት ያለቀው በ1986 ነው። 12 ዓመት!

መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ እሱስ ይቆጠራል?

መቆጠር አለበት፤ ግን ዴሲቤሉ ውስጥ የለም። ንዝረት በመሬት በኩል ነው የሚመጣው፣ መሣሪያውም ሌላ ነው። ስዊድን ውስጥ የተደረገ ጥናት በእኩል የድምፅ ልክ ንዝረት ያለበት ሰፈር ይበልጥ እንደተማረረ አሳይቷል። የእንግሊዙ ጥናትም ከድምፅ ውጭ ካሉት ችግሮች ንዝረትን አንደኛ አድርጎታል። መጠይቅ ውስጥ ለብቻው ይጠየቅ፤ "ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማዎታል?" ብሎ መጀመር ይቻላል።

በእንግሊዙ ጥናት ላይ ያስገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ነዋሪዎቹ ከሚያልፈው ባቡር ይልቅ የጥገና ሥራው ድምፅ የባሰ ችግር ነው አሉ። ጥገና የሚሠራው ሰው ሲተኛ ነዋ! ሌላም፣ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያገኙ መስመሮች በእኩል ልክ ያነሰ አስመርረዋል። ቀላል ባቡሩም የጅቡቲው መስመርም እንዲህ ያሉ መሆናቸው ለኛ ደግ ነው።

ጎረቤቴ ምንም አይሰማውም፣ እኔ ላብድ ነው። የኔ ችግር ነው?

አይደለም። በሰውና በሰው መካከል ካለው የመረበሽ ልዩነት ውስጥ የድምፁ ልክ የሚያብራራው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው ይባላል። የቀረው ለድምፅ ያለን ስስነት፣ የመኝታ ቤታችን አቅጣጫ፣ የምንሠራው ሥራ፣ አስተዳዳሪውን ማመን አለማመናችን ነው። "ቅሬታ አቅርበን ማንም አልሰማንም" የሚል ሰፈር በእኩል ዴሲቤል የበለጠ ይማረራል። ባቡሩ የእንጀራው ምንጭ የሆነለት ሰው ደግሞ ያነሰ። የድሮ ድሬዳዋ ሰው የባቡሩን ጩኸት በናፍቆት ሲያነሳ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ከተማዋን የወለዳት ሀዲዱ ነው።

"ለምደነዋል" የሚል ሰው አልተጎዳም ማለት ነው?

አይደለም። የኒውዮርኩን ትምህርት ቤት ላንሳ። ፒኤስ 98 ይባላል፣ ማንሃተን ውስጥ ነው፣ በአንዱ ጎኑ ባቡር ከፍ ባለ ድልድይ ያልፋል። በትምህርት ሰዓት በየ4 ደቂቃ ተኩል ገደማ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አርሊን ብሮንዛፍት በባቡሩ በኩል ያሉትን ክፍሎችና ጸጥ ባለው በኩል ያሉትን አወዳደረች። በ1975 ያወጣችው ውጤት በስድስተኛ ክፍል በባቡሩ በኩል ያሉት ልጆች በንባብ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ወደ ኋላ እንደቀሩ አሳየ። በኋላ ሀዲዱ ሥር ላስቲክ ገባ፣ የክፍሎቹ ኮርኒስ ድምፅ እንዲውጥ ተደረገ። ደግማ ስትለካ ልዩነቱ ጠፍቷል።

መምህሩ ባቡሩ ሲመጣ ያቆማል፣ ሲያልፍ ይቀጥላል። ልክ እንደ አክስቴ። ለዚህ ነው ጥሩ መጠይቅ ስለ ስሜት ብቻ የማይጠይቀው፤ "ወሬ ያቋርጣሉ? መስኮት ይዘጋሉ? የቲቪ ድምፅ ይጨምራሉ?" ይላል።

በስልኬ ብለካው ይሆናል?

ለግምት ይሆናል፣ ለክስ አይሆንም። ስልኩን ግድግዳ ላይ አታስጠጉ፣ ማይኩን በእጅ አትሸፍኑ። የአንድ ባቡር ጫፍ ብቻ አትመዝግቡ፤ ሰዓቱን፣ ለስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ ጻፉ። ባቡር በሌለበት ያለውንም ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ነገር ይገኛል፤ ታች ያለው የሚኒባስ ረዳት ከባቡሩ በልጦ ይጮኻል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጥሩምባውን ለዩት። መንገድና ሀዲድ በሚቋረጡበት ቦታ ባቡሩ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቀድሞ እንዲነፋ ሕግ ያስገድደዋል፤ ልኩም ከፊቱ 30 ሜትር ገደማ ላይ ከ96 እስከ 110 ዴሲቤል ነው። የአካባቢው አስተዳደር መስፈርቱን ካሟላ ጥሩምባ የማይነፋበት ቀጠና ማስደረግ ይችላል። የሀዲዱ ድምፅና የጥሩምባው ቅሬታ የሚሄዱበት በር የተለያየ ነው።

ምን ቢደረግ ይቀንሳል?

ከምንጩ መጀመር። ጩኸቱ በአብዛኛው የሚመጣው ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ነው፤ መንኮራኩሩና ሀዲዱ ሻካራ ሲሆኑ ይብሳል። የድሮ የዕቃ ፉርጎዎች የካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ፍሬን መንኮራኩሩን ያሻክረዋል። በራይን ሸለቆ ያሉ ጀርመኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲማረሩበት የኖሩት ይህ ነበር። ፍሬኑ በሌላ ቁስ ሲቀየር እስከ 10 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ለጆሮ ግማሽ የሆነ ያህል። ስዊዘርላንድ ከ2020 መጀመሪያ፣ ጀርመን ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ ጯሂዎቹን ፉርጎዎች ከልክለዋል። ሀዲድ መሞረድ፣ ፍጥነት መቀነስና ግንብ ማቆምም አሉ። ግንብ ግን ለአራተኛ ፎቅ ብዙም አይጠቅም።

የሰፈራችንን ጥናት ራሳችን ብንሠራስ?

ይቻላል፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከሀዲዱ በርቀት መድቡ፤ እስከ 25 ሜትር፣ እስከ 50፣ እስከ 100፣ ከዚያ በላይ። ከየምድቡ በዕጣ ቤት ምረጡ። ቅሬታ ያለውን ብቻ ከጠየቃችሁ ውጤቱ አስቀድሞ ታውቋል። ከአንድ ቤት አንድ አዋቂ ሰው፣ ቀንም ማታም እየሄዳችሁ፤ ቀን ብቻ ካንኳኳችሁ የምታገኙት ቤት የሚውለውን ነው። በ"እርስዎ" ጠይቁ፣ ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ። ሰውዬው "አልገባኝም" ቢል ድገሙለት እንጂ አታብራሩለት። ስታብራሩ መልሱን ትሰጡታላችሁ።

እኔም አክስቴን በዚህ መንገድ ደግሜ ጠየቅኳት። ከውኃውና ከመብራቱ ቀጥሎ፣ 0 ምንም 10 ከሁሉ የከፋ ብዬ። ትንሽ አሰበችና "ሰባት" አለች። ወዲያው ባቡሩ መጣ። ዝም ብላ ጠበቀች። ካለፈ በኋላ "ስምንት አድርገው" አለችኝ።